በጉ ባይመጣስ?

ቅዳሜ ጠዋት ሶፋ ሠሪው በሩ ላይ ቆሞ ልጁን እየጠበቀ ነው። ትከሻው ላይ በሲባጎ የታሰረ የጣውላ ሸክም አለ። በእጁ በወፍራም ጨርቅ የተጠቀለለ ረጅም የስፖንጅ መቁረጫ ቢላዋ ይዟል። ሁሉ ነገር ተሟልቷል፤ የጎደለው የልጁ የግራ እግር ጫማ ብቻ ነው።

«የት ነው ያወለቅከው?»

«እዚሁ።»

«እዚሁ የት?»

«እዚሁ ነበረ፤ ጠፋ» አለ ከአልጋው ሥር የሚወጣ ድምፅ።

«አንተስ እዚያ ምን ትሠራለህ?»

«እየፈለግኩ ነዋ!»

ታላቅ እህቱ ከወጥ ቤት ብቅ አለች። «አባዬ፣ ጫማው ፍሪጅ ውስጥ ነው። ከቲማቲሙ ጎን።»

አባት ሸክሙን እንደያዘ ዓይኑን ጨፈነ። ባለፈው ቅዳሜ ልጁን ሆዱን አሞት ነበር፤ አባቱ ዳገቱን ወጥቶ ከዓይን ሲሰወር ሕመሙም አብሮ ተሰወረ። ከዚያ በፊት በነበረው ቅዳሜ ደግሞ የቤት ሥራ ነበረበት። የቤት ሥራው አንዲት ዶሮ ቀለም መቀባት ነበር።

«ተወው» አለ በመጨረሻ፤ «ፍሪጅ ያደረ ጫማ አድርጎ ጉንፋን እንዳይዘው።» ይህን ያለው ቀልዶ አይደለም፤ ተናዶ ነው። ሲናደድ የሚናገረው ሁሉ ቀልድ ይመስላል፤ እሱም ይበልጥ ያናድደዋል።

ነገሩ ለምን እንዲህ እንደከነከነው ለመረዳት ቅዳሜ ለአባትና ልጁ ምን እንደነበረ ማወቅ ያስፈልጋል። ቤታቸው ከዳገቱ ግርጌ ነው፤ የሶፋ መሥሪያ ቤቱ ከዳገቱ አናት። ጣውላ የሚሸጠው ግን ታች፣ ቤታቸው አጠገብ ነው። ስለዚህ ሶፋ ሠሪው ዓርብ አመሻሽ ላይ ጣውላውን ይገዛል፣ ቢላዋውን በቤቱ ሞረድ ይስላል፣ ቅዳሜ ጠዋት ሁሉንም ተሸክሞ ይወጣል። ልጁ ከኋላው ሁለት ሦስት ቁራጭ እንጨት በብብቱ ይዞ ይከተላል። መንገዱ ላይ ያላወሩት ነገር የለም። ውሻ ለምን ጭራውን እንደሚቆላ፣ ዝናብ ሲጥል ጉንዳን የት እንደሚገባ፣ አባቱ በልጅነቱ ስንት ጥርስ እንደወለቀለት።

ልጁ «ድንቡሼ» ይባላል። ሲወለድ እንደ ትራስ ክብ ስለነበር ነው፤ አሁን ስድስት ዓመቱ ነው፣ እንደ ክር ቀጥኗል፣ ስሙ ግን አልቀጠነም። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ እውነተኛ ሥራ አለው፤ ሞካሪ ነው። ይህ ለማባበል የተፈጠረ ሥራ አይደለም። አንድ ሶፋ ሲሠራ መጀመሪያ የእንጨት አፅሙ ይቆማል። በአፅሙ ላይ የላስቲክ ማሰሪያ ይወጠራል፤ ከዚያ ስፕሪንጉ፣ ቀጥሎ ስፖንጁ፣ በመጨረሻ ልባሱ ይመጣል። ልባሱ ከለበሰ በኋላ ውስጡ አይታይም። አንድ ሚስማር ላልቶ፣ ወይም አንድ እንጨት ከሌላው ጋር ተፋትጎ እንደሆነ የሚያጋልጠው ድምፁ ብቻ ነው። ትልቅ ሰው ሲቀመጥበት ደግሞ በክብደቱ ድምፁን ያፍነዋል፤ ገዢው ቤት ከገባ ከሳምንት በኋላ ነው ጉዱ የሚወጣው። ድንቡሼ ግን ቀላል ነው። መሃሉ ላይ ይቀመጣል፣ ወደ ጥጉ ይንሸራተታል፣ ከዚያ በሆዱ ተኝቶ ጆሮውን ልባሱ ላይ ይለጥፍና በጉልበቱ ነካ ነካ ያደርገዋል። «ይጮኻል» ካለ፣ ይጮኻል። ሶፋው ይፈታል።

እንግዲህ ይህ ልጅ ነው አልጋ ሥር የገባው።

ምክንያቱ ከመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርቱ ጋር የተያያዘ መሆኑን አባት ቶሎ ጠርጥሯል፤ ግን የትኛው ቦታ ላይ እንደሆነ አላገኘውም። ትምህርቱ የራሱ ፈጠራ ነው፤ ይኮራበታልም። እሱ በልጅነቱ የተማረው በቁንጥጫ ነበር። ከተማረው ይልቅ የተቆነጠጠበትን ቦታ ነው የሚያስታውሰው። ስለዚህ ልጆቹን ሌላ ሰው ሳይቆነጥጥበት ራሱ፣ በራሱ ቤት፣ ከእራት በኋላ ሊያስተምራቸው ቆረጠ። ዘዴውን የወሰደው ከሚያውቀው ሥራ ነው። መጀመሪያ አፅሙ ይቆማል፤ ታሪኩ ቀስ ተብሎ ይነበባል። ቀጥሎ ስፖንጁ ይገባል፤ ታሪኩ በድርጊት ይሠራል፣ ሁሉም ድርሻ ይይዛል። በመጨረሻ ልባሱ ይለብሳል፤ ልጆቹ በራሳቸው አፍ መልሰው ይናገሩታል። ዘዴው የሚያስደንቅ ውጤት ነበረው። ድንቡሼ በዓሣ ሆድ ውስጥ የገባውን ሰው የሠራው የሶፋ ሽፋን ውስጥ ገብቶ ነው፤ እስካሁን ስለ ዮናስ ብትጠይቁት መጀመሪያ የሚነግራችሁ ውስጡ እንደሚሞቅ ነው። ግዙፉ ጎልያድ ሲወድቅ ደግሞ አባት ራሱ ነበር የወደቀው። ጎረቤት ምን ተሰበረ ብሎ መጥቷል።

ትምህርቱ አንድ ሕግ ብቻ ነበረው። ያልተጻፈ አይጨመርም። ሕጉ የወጣው ድንቡሼ የኖኅን መርከብ መልሶ ሲናገር ጄኔሬተር ስለገጠመበት ነው። «መብራት ከሌለ አንበሳውና ፍየሉ እንዴት ይተያያሉ?» ብሎ ነበር የተከራከረው። እህቱ አልተቀበለችም። እሷ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ቤት ውስጥ «ዳኛዋ» ይሏታል። ሰፈር ውስጥ የኳስም የገመድ ዝላይም ጠብ ተነሥቶ ሳትፈርድ የቀረችበት ቀን የለም። ጣቷን መጽሐፉ ላይ አድርጋ «የት ተጽፏል? አሳየኝ!» አለችው። አባትም ፈረደላት። ከዚያ ወዲህ ሕጉን የምታስከብረው እሷ ናት፤ አንዳንዴም በአባቷ ላይ።

ከሦስት ሳምንት በፊት አንድ ማታ የተነበበው አብርሃም አንድ ልጁን ይስሐቅን ይዞ ወደ ተራራ የወጣበት ታሪክ ነበር። እግዚአብሔር ልጁን መሥዋዕት እንዲያደርግለት ይጠይቀዋል፤ አባት ይታዘዛል፤ በመጨረሻዋ ሰዓት መልአክ ከሰማይ ተጣርቶ ያስቆመዋል፣ በልጁ ፈንታ በቁጥቋጦ የተያዘ በግ ይገኛል። ሶፋ ሠሪው ለድርጊቱ ብዙ ማሰብ አላስፈለገውም። ሳሎኑ መሃል ከዓመት በላይ «በዚህ ሳምንት እጨርሰዋለሁ» እየተባለ ያልለበሰ የራሳቸው የሶፋ አፅም ቆሟል። ድንቡሼን እዚያ ላይ አስተኛው፣ በሲባጎ አሰረው፣ በጨርቅ የተጠቀለለውን ቢላዋ ከፍ አደረገ። ዳኛዋ መልአክም በግም ነበረች፤ ከጓዳ ሆና መጣራት፣ ወዲያው ደግሞ በአራት እግሯ መምጣት ነበረባት። ትንሽ ቆየች። ነጭ አንሶላ ስትፈልግ ነው። አባትም እጁን እንደሰቀለ «የት ሄድሽ? ቶሎ በይ እንጂ!» ብሎ ጮኸባት። ከዚያ መጣች፣ ተጣራች፣ በግ ሆና «ምባዕ» አለች፣ ሁሉም ሳቀ። አባት ዛሬ ጥሩ ተማሩ ብሎ ነበር ያደረው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ድንቡሼ ትምህርት ላይ የሚቀመጠው በሩ አጠገብ ነው።

አሁን ሶፋ ሠሪው ብቻውን ዳገቱን ጨርሶ መሥሪያ ቤቱ ሲደርስ ቫርኒሽ ቀቢው ብሩሹን እንደያዘ ከበሩ ተቀበለው። ሁለቱ ቤቱን በጋራ ተከራይተው ነው የሚሠሩት። ቫርኒሽ ቀቢው ያልተነገረውን ሁሉ የሚጠይቅ፣ የተነገረውን ሁሉ የሚያሾፍበት ሰው ነው።

«ዛሬም ብቻህን? ሞካሪያችን ሥራ ለቀቀ እንዴ?»

«ጫማውን ፍሪጅ ውስጥ ደበቀ።»

ቫርኒሽ ቀቢው እስኪጠግብ ሳቀ። ሶፋ ሠሪው ሸክሙን ጥሎ ነገሩን ሁሉ ዘረገፈለት፤ ታሪኩን፣ ማሰሩን፣ በሩ አጠገብ መቀመጡን። ሌላው ሳቁን ቀስ በቀስ አቆመ።

«ይኸውልህ ወንድሜ፣ እኔ ልጅ ብሆን አንተን አይቼ አገር ጥዬ እሄድ ነበር። አሁን ከዳገቱ ስትመጣ ራስህን አይተኸዋል?»

«ምን ሆንኩ?»

«ምንም፤ አባ አብርሃም።» ወደ ብሩሹ ተመለሰ።

ሶፋ ሠሪው አልገባውም፤ ስላልገባው ተበሳጨ። ለማታ የሚወሰድ ሶፋ ስለነበረ ልባሱን መወጠር ጀመረ። ቀኑን ሙሉ ቫርኒሽ ቀቢው ሚስማር ሲፈልግ «አባ አብርሃም፣ አቀብለኝ»፣ ውሃ ሲፈልግ «አባ አብርሃም፣ አጠጣኝ» ሲለው ዋለ።

በዚያ ሳምንት ሶፋ ሠሪው ያልሞከረው የለም። እሱ ችግር ሲገጥመው አንዱን ሞክሮ፣ አልሆነም ብሎ፣ ሌላውን የሚሞክር ሰው ነው፤ አንድ ሶፋ ሲያነክስ እግሮቹን ተራ በተራ እንደሚለካው ማለት ነው። መጀመሪያ ታሪኩን ደግሞ አነበበ፤ በዚህኛው ጊዜ ግን በጉ የሚገኝበትን ቦታ ጎላ አድርጎ፣ ሁለት ጊዜ።

«ይኸው! በጉ ተገኘ! አየህ?»

«አባዬ» አለ ድንቡሼ ከበሩ አጠገብ፣ «በጉ ባይመጣስ?»

«መጣ እኮ!»

«ባይመጣስ?»

«አልተጻፈም» አለች ዳኛዋ፣ ጣቷ መስመሩ ላይ ነው።

አባትም «አዎ፣ አልተጻፈም» አለ። ያልተጻፈ አይጨመርማ። ልጁ ጉልበቱን አቀፈ።

በማግስቱ ታሪክ ቀየረ። ስለጠፋው በግ አነበበ፤ እረኛው ሌሎቹን ትቶ ሊፈልገው ስለሄደለት። እንዲህ ያለ ታሪክ ማንን ያስፈራል? ድንቡሼ እስከ መጨረሻው አዳመጠና «ይሄ ያኛው በግ ነው?» አለ።

«የትኛው?»

«ተራራው ላይ የሚመጣው። ጠፍቶ ከሆነ እኮ በሰዓቱ አይደርስም።»

ሶፋ ሠሪው መጽሐፉን ዘጋ። በሌላው ቀን ወደ ኖኅ ተመለሰ፤ ልጁ የሚወደው ታሪክ ነው። መርከቡ ግን በግ ነበረበት። ወደ እረኛው ዳዊት ሄደ፤ በግ ብቻ ሆነ። ከዚያ በፊት መጽሐፉ ውስጥ ይህን ያህል በግ እንዳለ አስተውሎ አያውቅም። ከሥራ ሲመለስ ካራሜላ ገዝቶ መጣ፤ ድንቡሼ ካራሜላውን ከእጁ በርቀት ተቀብሎ፣ አመስግኖ፣ ወደ በሩ ተመለሰ። አባት ለመጀመሪያ ጊዜ ቁንጥጫ አማረው። ራሱን ታዘበና ወጥቶ ግቢውን ዞረ።

ቤተ ክርስቲያን ያሉትን የልጆች አስተማሪ ጠየቃቸው። እሳቸው ደግ ሴት ናቸው፤ «ፈተና መሆኑን ንገረው፤ እግዚአብሔር የአባትየውን እምነት ሊፈትን እንጂ ልጁን ሊወስድ አልነበረም በለው» አሉት። እሱም ደስ ብሎት መጥቶ እንዲሁ አለ።

ድንቡሼ አንደኛ ክፍል ነው፤ ፈተና ምን እንደሆነ ያውቃል። «እና ከወደቀስ?» አለ።

«ማን?»

«አባትየው ነዋ። ፈተና አይደል?»

«እኔ ከዚህ ልጅ ጋር መኖር አልቻልኩም!» አለ ሶፋ ሠሪው ወደ ሚስቱ ዞሮ።

ሚስቱ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ነው የምትሠራው። ቀኑን ሙሉ በትንሽ መስኮት የሕመምተኛ ጥያቄ ስትመልስ ስለምትውል ማታ ብዙ አትናገርም፤ ስትናገር ግን ታሳጥራለች። «ቅዳሜ ዳገቱን ስትወጣ ከቤት በመስኮት አየሁህ» አለችው።

«እና?»

«እንጨት ተሸክመሃል። ገመድ አለህ። ቢላዋ ይዘሃል። ወደ ላይ እየወጣህ ነው። የጎደለህ ልጁ ብቻ ነበር።»

ሶፋ ሠሪው ወደ መስኮቱ ዞረ። ቫርኒሽ ቀቢው ምን እንዳለው አሁን ገባው። ሰው ራሱን ከኋላ አያይም፤ ልጁ ግን ይህን ሁሉ ቅዳሜ ያየው ከኋላ ነው። እንጨቱም ራሱ ልጁ ብብት ውስጥ ነበር፤ በታሪኩም እንጨቱን የተሸከመው ልጁ ነው።

«ታዲያ ይሄን ቀድመሽ አትነግሪኝም?»

«አንተ መች ጠየቅከኝ? በግ ስትቆጥር ነበር።»

መፍትሔው ተገኘ ብሎ ተነሣ። ወደ በሩ ሄዶ ልጁ ፊት ተንበረከከ። «ስማኝ ድንቡሼ፣ እንጨቱ የሶፋ ነው። ቢላዋው የስፖንጅ ነው። እዚያ ላይ ያለው ተራራ ሳይሆን መሥሪያ ቤት ነው፤ ቫርኒሽ ቀቢው አለ፤ ታውቀው የለ?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምን ያስፈራሃል?»

«ምንም።»

«እኔን ፈርተህ ነው?»

ልጁ የበሩን መቀርቀሪያ መነካካት ያዘ። ዳኛዋ ጣቷን ከመጽሐፉ አነሣች። እናት ሰሐን ማጠቧን አቆመች።

«መልአኩ ዘግይቶ ነበር» አለ ድንቡሼ።

«የት? አልዘገየም፤ ልክ በሰዓቱ ነው የተጣራው፤ ተጽፏል።»

«እዚያ ሳይሆን እዚህ። እሷ አንሶላ ስትፈልግ።» በአገጩ ወደ እህቱ ጠቆመ። «ቆየች። አንተ እጅህን አላወረድክም።»

ሶፋ ሠሪው ወደ ሶፋው አፅም ዞሮ አየ። እውነት ነው፤ አላወረደም። ለምን እንዳላወረደም ያውቀዋል። መልአኩ ሳይጣራ እጁን ቢያወርድ ያልተጻፈ መጨመር ይሆናል። ክንዱ እስኪዝል ሰቅሎ፣ ከታች ያለውን ልጅ ሳያይ፣ ወደ ጓዳው ዞሮ ሲጮህ ነበር። ልጁ ደግሞ ታስሮ፣ በጀርባው ተኝቶ፣ ያቺን ክንድ ከሥር ሲያያት። ይህን ሁሉ ቀን ሲጠይቅ የነበረው ስለ በግ አልነበረም።

«አወርደው ነበር» አለ።

«መቼ?»

«ባትመጣ ኖሮ። አወርደውና ፈትቼህ ይዤህ ቤት እገባ ነበር።»

«እንዲህ ተብሎ አልተጻፈም» አለች ዳኛዋ፣ ከልምድ።

«አዎ አልተጻፈም!» ብሎ ጮኸባት፤ «አልተጻፈም! የማወርደው ግን እኔ ነኝ! ክንዱ የኔ ነው!»

ዳኛዋ ዓይኗ እንባ ሞላ። ድንቡሼ ወደ በሩ ተጠጋ። ሶፋ ሠሪው ጭንቅላቱን ያዘ፤ አንዱን ሊያረጋጋ ሁለተኛውን አስለቀሰ። አንዳንድ ማታ እንዲህ ነው፤ የተነካው ሁሉ ይበላሻል።

«እንደገና እንሥራው» አለ ድንቡሼ።

«ምኑን?»

«እሱን። ግን እሷ አትምጣ።»

አባትና እናት ተያዩ። አባት ይህን አልወደደውም። ታሪኩን ያውቀዋል፣ ይፈራዋልም፤ ያለ መልአክ የሚያልቅ ታሪክ ደግሞ የእግዚአብሔርን ቃል ማጣመም መሰለው። ሕጉን ያወጣው እሱ ነው። ልጁ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ከበሩ ተነሥቶ፣ ወደ ሶፋው አፅም ሄዶ፣ ራሱ ወጥቶ በጀርባው ተኛ። እጁን አጣምሮ ዘረጋ።

እናት በጨርቅ የተጠቀለለውን ቢላዋ አንሥታ መሳቢያ ውስጥ ከተተችና ቆለፈችበት። በምትኩ ማማሰያ ሰጠችው። ከዚያ ዳኛዋን ከነአንሶላዋ ጓዳ አስገብታ አፏን በመዳፏ ያዘች፤ ልማድ ሆኖባት እንዳትጣራ።

ሶፋ ሠሪው ልጁን አሰረ። ማማሰያውን ሰቀለ። አሁን ወደ ጓዳ ሳይሆን ወደ ታች ነበር የሚያየው። ልጁ ዓይኑን አልጨፈነም፤ ክንዱን ያያል። ከጓዳ የሚሰማ ነገር የለም። ውጭ መኪና አለፈ። አባት ምን ያህል መቆየት እንዳለበት አላወቀም። ቶሎ ቢያወርደው ልጁ ጨዋታ ነው ይላል፤ ቢዘገይ ደግሞ እንደ መጀመሪያው ይሆናል። የልጁ አገጭ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ማማሰያውን ወለሉ ላይ ወረወረውና ተንበረከከ።

«በቃ። በቃ፣ ና ቤት እንግባ።»

ግን ቋጠሮው አልፈታ አለ። ይህም የሙያው ጣጣ ነው፤ የሶፋ ሠሪ ቋጠሮ ስፕሪንግ የሚይዝ ነው፤ ሲስቡት የሚጠብቅ እንጂ የሚላላ አይደለም። እጁ ከልማዱ ያንኑ አስሯል። በጣቱ ሞከረ፤ ጥፍሩ ተሰበረ። «ቢላዋ አምጪ!» ሊል አፉን ከፈተና ልጁን አይቶ ዋጠው።

«ኤጭ!» ብሎ ጎንበስ አለና ቋጠሮውን በጥርሱ ያዘው።

ያኝካል፣ ይስባል፣ በሲባጎ መሃል ሆኖ ያጉረመርማል። ክር ጥርሱ ውስጥ ገባ። «ሲባጎ የፈለሰፈው ሰው…» ይላል፣ ቀሪው አይሰማም። ድንቡሼ አንገቱን ቀና አድርጎ ተመለከተው።

«አባዬ፣ እንደ ውሻ ሆንክ።»

«ዝም በል፣ እየፈታሁህ ነው!»

«ምራቅህ እጄ ላይ እየፈሰሰ ነው።»

«ይፍሰስ!»

በመጨረሻ ተፈታ። ልጁ ተነሥቶ እጁን በአባቱ ሸሚዝ ጠረገ። እቅፉ ውስጥ ግን አልገባም። ሄዶ ወንበሩን ከበሩ አጠገብ አነሣና ወደ ጠረጴዛው ትንሽ አስጠጋው። እስከ ጠረጴዛው ግን አላደረሰውም።

ዳኛዋ ከጓዳ ወጥታ መጽሐፉን ዘጋች። «ይሄ ትምህርት ተብሎ አይቆጠርም» አለች አፍንጫዋን እየሳበች።

«አይቆጠር» አለ አባቷ፤ ከጥርሱ ውስጥ ክር እያወጣ።

ቅዳሜ ጠዋት ሶፋ ሠሪው ሸክሙን ተሸክሞ በሩ ላይ ቆመ። ቢላዋውን አልያዘም፤ ዓርብ ስሎ ከነሞረዱ በቫርኒሽ ቀቢው እጅ ወደ ላይ ልኮታል፤ ከእንግዲህም የሚስለው እዚያው ነው። ሞረዱ ከባድ በመሆኑ ቫርኒሽ ቀቢው ሲቀበለው ብዙ ተሳድቧል። ድንቡሼ ሁለቱንም ጫማ አድርጎ ወጣ። አንዱ እግር ከሌላው ተቀያይሯል፤ ማንም አልተናገረውም።

«እንጨት አልሸከምም» አለ።

«አትሸከምም።»

«አንተ ከፊት ሂድ።»

«እሺ።»

«በጣም ከፊት።»

ሄደ። ዳገቱ መሃል ላይ ሲዞር ልጁ ከኋላው ብዙ ርቆ ጉንዳን እያየ ነው። የአባት ትከሻ ተቃጠለ፣ ለዛሬ የቀጠረው ደንበኛ አለ፣ «ና እንጂ!» ብሎ ሊጮህ ፈለገና ተወው። ሸክሙን እንደያዘ ቆሞ ጠበቀ። እንዲህ እየሄዱና እየቆሙ ዳገቱን እስኪጨርሱ ፀሐይ ከረረች።

ቫርኒሽ ቀቢው ከበሩ ሆኖ «አባ አብርሃም! ልጁን ይዘህ መጣህ?» ብሎ ተጣራ።

«ዝም በል!» አለ ሶፋ ሠሪው።

ድንቡሼ ግን ደረሰና ቫርኒሽ ቀቢውን ከላይ እስከ ታች አየው። «አንተ ሁልጊዜ እዚህ ነህ?»

«የት እሄዳለሁ ጌታው?»

«ከዘገየሁ ትጠራኛለህ?»

ቫርኒሽ ቀቢው ለአንዴ ሳያሾፍ ጎንበስ አለ። «እጠራሃለሁ» አለ።

መሥሪያ ቤቱ መሃል ባለፈው ቅዳሜ ያለ ሞካሪ ያለቀው ሶፋ ቆሟል። ደንበኛው ያን ማታ ባለመምጣቱ ለዛሬ ተቀጥሯል። ድንቡሼ ጫማውን አውልቆ ወጣበት። መሃሉ ላይ ተቀመጠ፣ ወደ ጥጉ ተንሸራተተ፣ በሆዱ ተኝቶ ጆሮውን ለጠፈ። በጉልበቱ ነካ አደረገው። ደግሞ ነካ አደረገው።

«ይጮኻል» አለ።

«አይጮኽም!» አለ ቫርኒሽ ቀቢው፤ «ሁለታችንም ተቀምጠንበታል።»

«ይጮኻል።»

ሶፋ ሠሪው ሰዓቱን አየ፤ ደንበኛው ከምሳ በኋላ ይመጣል። ልባሱ በሙሉ መገንጠል፣ ስፖንጁ መነሣት አለበት፤ ከዚያ እንደገና። ከንፈሩን ነከሰ፣ ጉጠቱን ከመደርደሪያው አወረደ።

«በየት በኩል?»

ልጁ በጣቱ አሳየው። አባት ጉጠቱን ሊሰጠው እጁን ዘረጋ። ድንቡሼ ጉጠቱን አየ፣ የአባቱን ክንድ አየ።

ከዚያ ተቀበለውና የመጀመሪያውን ሚስማር መንቀል ጀመረ።